መድኃኒትም ያስመስክር፤ በደብረ ታቦር የተደረገ ዲስኩር



የማስታወስን ኀይል ያበረታል የተባለ መድኃኒት የአንጎልን ሕዋሳት ከብግነት ይጠብቃቸው እንደ ሆነና እንዳልሆነ በምን ዓይነት ፈተና ሊታወቅ ይችላል? የዛሬው ንግግሬ ርእስ ይህ ነው። ነገሩ በባሕር ማዶ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ጉዳይ እንጂ የጉና ተራራ ግርጌ ሰው ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር፣ የማስታወስ ኀይል ከፍ ያለ ክብርና ብርቱ ሥራ ከተሰጠው ምድር አንዱ ይህ እኛ የቆምንበት መሆኑን እንዲያስብልኝ እለምናለሁ። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም በጋይንት ናት፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አምባም በዚያው በጋይንት ናት፤ ከፎገራ የተገኙት አለቃ ገብረ ሐና የደረሱት፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም ደግሞ ማዕከሉ ይኸው ደብረ ታቦር ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት የደረሰው ዜማ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ሠሩለት እስከሚባልበት እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ፣ ሺህ ዓመት ያህል ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ እየተላለፈ በልቡና ብቻ ተጠብቆ ኖረ። ስለዚህ ስለ ማስታወስ መድኃኒት የሚደረግ ምርመራ ማንንም ቢመለከት አስቀድሞ እኛን ይመለከተናል።

እንዲህ ያለ ሸክም የሚጫንበት ልጅ ሁሉ እኩል አይሸከምም። ቀለም ቶሎ የሚገባው አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ የቃል ትምህርት ሲቀበል አድሮ ሲነጋ ሁሉም የሚጠፋበት አለ። ቀለም አልገባ ላለው ልጅ የልብ መክፈቻ መፈለግ በአብነት ትምህርት ቤት አካባቢ የቈየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ጸሎቱ አለ፣ ጠበሉም አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ግን አብሾ ነው። አብሾ የጠጣ ልጅ ጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ እንደሚቃዥ፣ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጊዜ የሰማውን እንደማይረሳ ይነገራል፤ ሲያድግ መጠጥ የቀመሰ እንደ ሆነም «አብሾው ተነሣበት» ይባላል። ቅመማው በባለ መድኃኒቱ ዘንድ ምስጢር ሆኖ የሚጠበቅ በመሆኑ ከቤት ቤት ይለያይ ይሆናል፤ ነገር ግን ስማቸው ብዙ ጊዜ ከሚነሣው ዕፅዋት አንዱ በየአጥሩ ሥርና በየጥራጊ መድፊያው ዳር የሚበቅለው፣ ረጅም ነጭ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው አስተናግር ነው።

አስተናግር በሥነ ቅመም ሊቃውንት ዘንድ ምስጢርነቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በቅጠሉም በፍሬውም አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ብርቱ መርዞች አሉበት። እነዚህ መርዞች የሚሠሩትን ለመረዳት፣ ኦቶ ሌቪ የተባለው ሊቅ በ1921 በኦስትሪያ በግራትስ ከተማ ያደረገውን ምርመራ ማሰብ ይጠቅማል፤ የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ሌቪ የአንዲት እንቁራሪት የልብ ነርቭ ሲቀሰቀስ ልቧን ከከበባት ፈሳሽ ጥቂት ወስዶ በሌላይቱ እንቁራሪት ልብ ላይ ቢያፈስሰው የሁለተኛይቱም ልብ ምት ቀዘቀዘ፤ በዚህም ነርቭ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በቅመም አማካይነት መሆኑን ገለጠ። ያ ቅመም አሴቲልኮሊን ነው። በአንጎል ውስጥም ትኩረትና ትውስታ ያለ እርሱ አይከናወኑም። አትሮፒንና ስኮፖላሚን ደግሞ አሴቲልኮሊን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድመው እየያዙ መልእክቱ እንዳይደርስ ይከለክላሉ። ከዚህም የተነሣ በዓለም ብዙ ቤተ ሙከራዎች፣ ትውስታን ይመልሳል የተባለ አዲስ መድኃኒት ሲፈተን፣ አስቀድሞ አይጧን እንድትረሳ የሚያደርጓት በስኮፖላሚን ነው። ልቡናን ይከፍታል ተብሎ ለሕፃን የሚጠጣው ዕፅ፣ ሊቃውንቱ ልቡናን ለመዝጋት የሚጠቀሙበትን ቅመም ተሸክሞ ይገኛል።

እንግዲህ ያ ሁሉ የአብሾ ዝና ከየት መጣ? አባቶቼን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ ሰዎቹ ያዩትን ተናግረዋል። ነገር ግን ያዩት ጠጥቶ የተሳካለትን ልጅ ነው። ጠጥቶ ምንም ያልተለወጠው ወደ አገሩ ተመልሶ አራሽ ሆነ፤ ጠጥቶ አእምሮው የታወከው ደግሞ በሌላ ምክንያት እንደ ታመመ ተቈጠረ፤ በዕድሜም በትጋትም እኩያው የሆነ፣ አብሾ ነው ተብሎ ንጹሕ ውሃ የጠጣ ልጅ ግን በአጠገቡ ቆሞ አልተመዘነም። በቤተልሔም ሥርዓት አንድ ደቀ መዝሙር ድጓን ዘልቄያለሁ ስላለ ብቻ መምህር አይባልም፤ በሊቃውንቱ ፊት ቀርቦ ያዜማል፣ የጻፈውም ይታረማል፣ ነቅ ከተገኘበት ተመልሶ ይቀጽላል፣ ሲበቃም ያስመሰክራል። መድኃኒትን እንደዚሁ ለምስክር ማቅረብ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ሥርዓት ሊሆን አይገባውም፤ በሰው ልጅ አንጎል ላይ የሚሾም ነገር ከአንድ የድጓ ተማሪ ያነሰ ፈተና ቢቀበል ታላቅ በደል ነውና።

አሁን ወደ ብግነት ልለፍ። ቁስል ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲግልና ሲጠዘጥዝ ሕዝባችን «ተቆጣ» ይላል፤ ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህንኑ፣ ሰውነት ጠላቱን ለመከላከል የሚያደርገውን ሥራ ነው። የእግር ቁስል ሲቆጣ በዓይን ይታያል፤ አንጎል ሲቆጣ ግን በራስ ቅል ውስጥ ተሰውሮ ነው። ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ የተባለው እስፓኛዊ ሊቅ በ1919 ማይክሮግሊያ ብሎ የሰየማቸው ጥቃቅን ሕዋሳት የአንጎል ዘበኞች ናቸው። በሰላም ጊዜ ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ተህዋሲ ሲገባ ወይም በአቅራቢያቸው ያለ ሕዋስ ሲሞት ቅርጻቸውን ለውጠው ይውጣሉ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድና ቲ ኤን ኤፍ የሚባሉ ቅመሞችንም ይረጫሉ። ቁጣቸው በጊዜው ከበረደ መልካም ነው፤ ካልበረደ ግን የረጩት ቅመም ጠላትን ከወዳጅ ሳይለይ የሚያስታውሱትን ሕዋሳት ይጎዳል። በአረጋውያን ላይ በሚደርሰው በአልዛይመር ሕመም እነዚህ ዘበኞች ተቆጥተው ይገኛሉ። የእኛ አገር ግን የሽማግሌዎችን ሕመም ብቻ የምታስብ አይደለችም፤ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ስለምትገኝ፣ ከዚህ በሽታ በሕይወት የተረፈ ሕፃን ጆሮው ሊደነቁር ወይም ትምህርት ሊከብደው እንደሚችል የዚህ ጉባኤ ሐኪሞች ያውቃሉ። በፎገራ ሜዳና በጣና ዙሪያ ያለው ወባም ወደ አንጎል ሲወጣ እንዲሁ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 የተመሠረተው እንኳ በደንቢያ በቆላ ድባ ወባ ያደረሰው እልቂት ልብን ሁሉ ከሰበረ በኋላ ነበር።

ማስታወስና ብግነት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ኬቪን ትሬሲና ባልደረቦቹ በ2000 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከአንጎል እስከ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲቀሰቀስ በአይጦች ደም ውስጥ ቲ ኤን ኤፍ እንደሚቀንስ፣ ቁጣውን የሚያበርደውም ያው አሴቲልኮሊን እንደ ሆነ አሳዩ። እንግዲህ አሴቲልኮሊን በአንድ በኩል የትውስታ መልእክተኛ፣ በሌላ በኩል የቁጣ ማብረጃ ከሆነ፣ እርሱን የሚያበዛ መድኃኒት ሁለቱንም ሥራ ይሠራ ይሆን? እንዲህ ያለ መድኃኒት አለ። በአሜሪካ በ1996 የተፈቀደው ዶኔፔዚል፣ አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ስለሚያግድ፣ ለአልዛይመር ሕሙማን ይታዘዛል፤ ከአበባ የወጣው ጋላንታሚንና ሪቫስቲግሚንም የዚሁ ወገን ናቸው። ሐሳቡ እጅግ ያማረ ስለ ሆነ አብልጦ ሊፈተን ይገባዋል።

የመጀመሪያውን ፈተና ቀረብ ብለን እንመልከት። ከመዳፍ እምብዛም የማትሰፋ፣ 96 ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉባት ጥርት ያለች የፕላስቲክ ሰሌዳ በመርማሪው ፊት ትቀመጣለች። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ማይክሮግሊያ ይዘራል። ለአንዳንዶቹ መድኃኒቱ፣ ለሌሎቹ መድኃኒቱ የሟሟበት ፈሳሽ ብቻ ይሰጣል፤ ቀጥሎም ከባክቴሪያ ቅርፊት የተወሰደ፣ ሊፖፖሊሳካራይድ የሚባል ነገር ይጨመርባቸዋል፤ ሕዋሳቱም ጠላት የገባ መስሏቸው ይቆጣሉ። በማግሥቱ ከላይ ያለው ፈሳሽ ተቀድቶ ግሪስ የሚባለው መለያ ቅመም ሲነካው፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተረጨበት ወደ ደማቅ ሮዝ ይለወጣል፤ ያልተቆጡት ሕዋሳት ፈሳሽ ግን ቀለም አልባ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱን የተቀበሉት ጉድጓዶች ሮዝነታቸው የደበዘዘ እንደ ሆነ ጀማሪው ተማሪ በደስታ ይነሣል። መምህሩ ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ሕዋሳቱ በሕይወት አሉን? ሙት አይቆጣምና፣ ማይክሮግሊያን የገደለ መርዝ ሁሉ ቁጣን ያበረደ መድኃኒት መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ኤም ቲ ቲ የሚባል ቢጫ ቅመም ይጨመራል፤ ሕይወት ያለው ሕዋስ ቢጫውን ወደ ወይን ጠጅ ይለውጠዋል፤ የሞተው አይለውጠውም። ሮዙ ደብዝዞ ወይን ጠጁ ደምቆ ከታየ አንድ ምስክርነት ተገኘ። ሁለቱም ከደበዘዙ ግን የተገኘው የዘበኞቹ ሬሳ ነው።

ይህም ቢሆን ገና ስለ ዘበኞቹ የተነገረ ነው እንጂ ስለሚጠበቁት ሕዋሳት አይደለም። ትውስታን የሚሸከሙት የነርቭ ሕዋሳት ድነዋል ለማለት፣ ከተቆጡት ማይክሮግሊያ የተቀዳውን ፈሳሽ በነርቭ ሕዋሳት ላይ አፍስሶ፣ መድኃኒት ባለበትና በሌለበት ስንቱ እንደ ተረፈ መቁጠር ያስፈልጋል። የመጠኑም ጉዳይ አለ፤ በሰሌዳው ላይ የሠራው የመድኃኒቱ መጠን ሰው በሚውጠው ኪኒን ወደ አንጎል ከሚደርሰው ብዙ እጥፍ ሆኖ ከተገኘ ምስክርነቱ ይወድቃል። በ2010 በደቡብ ኮሪያ የወጣ ምርመራ ዶኔፔዚል የማይክሮግሊያን የናይትሪክ ኦክሳይድና የቲ ኤን ኤፍ ልቀት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ በር ከፋች ነው፤ ሆኖም ገና በደጀ ሰላሙ ነን።

ከሰሌዳው በኋላ የአይጦች ፈተና ይከተላል። ሪቻርድ ሞሪስ በ1981 ያስተዋወቀው ዘዴ፣ ውሃው እንዲደፈርስ በተደረገ ገንዳ ውስጥ አይጥ እየዋኘች ከውሃው በታች የተሰወረውን ማረፊያ ቦታውን አስታውሳ እንድታገኝ የሚያደርግ ነው። ነገር ግን ብግነት የያዛት አይጥ ትደክማለች፤ የደከመችም ትዘገያለች፤ መዘግየቷ የመርሳት ሳይሆን የድካም ሊሆን ስለሚችል፣ ማረፊያው በግልጽ በሚታይበት ገንዳም ደግማ ትፈተናለች፤ ሰዓቱን የሚይዘው ሰውም የትኛዋ መድኃኒት እንደ ተሰጣት ማወቅ የለበትም። ከሁሉም በላይ እኔን የሚያሳስበኝ፣ በብዙ ምርመራ መድኃኒቱ ብግነቱ ሳይጀምር አስቀድሞ መሰጠቱ ነው። የእኛ ሕሙማን ግን ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከገባ፣ አንዳንዱም ከሰነበተ በኋላ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ቀድሞ ሲሰጥ የጠበቀ መድኃኒት ዘግይቶ ሲሰጥም ይጠብቅ እንደ ሆነ ለብቻው ሊፈተን ይገባል።

የመጨረሻው ምስክር ሰው ነው፤ ብዙ ያማረ ተስፋ የወደቀውም በዚህ ላይ ነው። ሚኖሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት ማይክሮግሊያን በማብረድ በቤተ ሙከራና በአይጦች ዘንድ የተመሰገነ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ቀላል አልዛይመር በያዛቸው በ544 ሰዎች ላይ ለሁለት ዓመት ሲፈተን ግን የሕመሙን ጉዞ አላዘገየም። ዶኔፔዚልም በዚያው በእንግሊዝ አገር በ565 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2004 ሲወጣ፣ ትውስታን በጥቂቱ እንዳሻሻለ፣ ነገር ግን ሕሙማኑ ወደ መጦሪያ ቤት የሚገቡበትን ጊዜ እንዳላራቀ ታየ። በ2005 በወጣው ሌላ ምርመራ፣ ትውስታቸው መድከም የጀመረ 769 ሰዎች ተከፍለው ሲታዩ፣ ዶኔፔዚል የወሰዱት በመጀመሪያው ዓመት ከሌሎቹ ያነሱ ወደ አልዛይመር አለፉ፤ በ3ኛው ዓመት ግን ልዩነቱ ጠፋ። ሕዋሳቱ በእውነት ተጠብቀው ቢሆን ልዩነቱ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ ሊሄድ አይገባውም ነበር። ከዚህም የከፋ አለ፤ በኔዘርላንድ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ለሚቃዡ 104 ሰዎች ሪቫስቲግሚን ሊፈተን ተጀምሮ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት የሞቱት ቍጥር ስለ በዛ ምርመራው ተቋርጦ ውጤቱ በ2010 ታወጀ። በሰሌዳ ላይ ቁጣን ያበረደ ነገር ጽኑ ሕመምተኛን ያድናል ብሎ ማሰብ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ እነዚያ ሕሙማን በሕይወታቸው አስተምረውናል። ዶኔፔዚል ዛሬም ለአልዛይመር ሕሙማን መጠነኛ ረድኤት አለው፤ አንጎልን ከብግነት ይጠብቃል የሚለው ማዕርግ ግን እስካሁን አልተመሰከረለትም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥን? አይደለም። የሚፈተን ብዙ ዕፅ አለን፤ በአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ባለው በጣራ ገዳም ደን ዙሪያ በሊቦ ከምከም የተደረገውና በ2015 የታተመው ጥናት ብቻ ሕዝቡ ለመድኃኒት የሚጠቀምባቸውን ከመቶ በላይ ዕፅዋት መዝግቧል። ከአገራችን ዕፅዋት አስቀድሞ ለምስክር ሊቀርብ ይገባዋል የምለው ጊዜዋ ነው። ይህን ዕፅ የእኛ ሰው ለቡዳና ለሌላም ሕመም ሲያጥነው፣ የህንድ ሰዎች አሽዋጋንዳ ብለው ከጥንት ጀምሮ ለአእምሮ ብርታት ይወስዱታል፤ ከእርሱ የተጨመቀውም በሰሌዳ ላይ የተቆጣ ማይክሮግሊያን እንደሚያበርድ ታይቷል። ጉበትን የጎዳበት ጊዜ እንዳለም ተጽፏል፤ ስለዚህ የምለምነው ፈተናውን እንጂ መጠጣቱን አይደለም። በህንድ የበቀለው ጊዜዋና ከጉና ሥር የበቀለው ጊዜዋ በቅመማቸው እኩል መሆናቸውን እንኳ አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች የመድኃኒት ትምህርት ክፍሎች፣ የእነዚህን ከተሞች የአብነት መምህራን ጠርተው ጥያቄውን አብረው ቢቀርጹ፣ በዓለም ላይ ማንም የሌለው ጥቅም ይኖራቸዋል፤ አንድ ደቀ መዝሙር ስንት መስመር በስንት ሌሊት እንደሚይዝ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚደክም፣ የትኛው የመርሳት ዓይነት ከረኃብ፣ የትኛው ከሕመም እንደሚመጣ ከእነዚህ መምህራን ይልቅ የሚያውቅ የለምና።

አብሾስ? እርሱን በልጅ ላይ መፈተን አይገባም፤ በውስጡ ያለውን ቅመም በሚዛንና በመሣሪያ መለየት ግን ይቻላል፣ ይገባልም። ባለ መድኃኒቶች ምስጢራቸውን የሚሰውሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአባቶቻቸው ርስት ያለ ዋጋና ያለ ስም እንዳይወሰድባቸው ይፈራሉ። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 ይህን መብት ስለሚጠብቅ፣ ተመራማሪዎች ወደ አንድ ባለ መድኃኒት ቤት ሲሄዱ አስቀድመው ይህን አስረድተው ፈቃዱን ሊጠይቁ፣ ከጥቅሙም ድርሻውን ሊያስከብሩለት ይገባል።

እስከዚያው ድረስ አንድ ነገር ዛሬውኑ ሊደረግ ይቻላል። አስተናግር የጠጣ ልጅ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሰውነቱ ያለ ላብ ይግላል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ የሌለውን ሰው ያናግራል። ይህ የልብ መከፈት አይደለም፤ መመረዝ ነው፤ ሊገድልም ይችላል። ማርከሻው ፊዞስቲግሚን፣ በ1864 ክላይንቬክተር የተባለ ሐኪም በአትሮፒን ለተመረዙ እስረኞች የሰጠው መድኃኒት፣ አሴቲልኮሊንን በማብዛት የሚሠራ የነዶኔፔዚል ታላቅ ወንድም ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ምን እንደ ተጠጣ ካላወቀ በሽታውን ከማጅራት ገትር ወይም ወደ አንጎል ከወጣ ወባ ለመለየት ይቸገራል፤ ስለዚህ መምህራንንና ወላጆችን የምለምነው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥማችሁ ማታ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ያሳፍራል ሳትሉ ወደ ሆስፒታል እንድታደርሱት፣ የጠጣውንም ሳትሰውሩ እንድትናገሩ፣ በዕቃው ጭላጭ የቀረ እንደ ሆነም ይዛችሁት እንድትመጡ ነው። ያ ጭላጭ ለሐኪሙ መንገድ ያሳየዋል፤ ለተመራማሪውም አብሾ በእውነት ከምን እንደሚቀመም የሚነግረው የመጀመሪያው ናሙና ይሆናል።